ክሮስቦው ይዤ ከቨርጂኒያ ኮሎራዶ ገባሁ፤ በሴፕቴምበር ኤልክ ማደን እችላለሁ?

ደረጀ_አውሮራ

ሰላም ወገኖች። ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ አውሮራ ከተዛወርኩ ሁለት ወር ሞላኝ። ቨርጂኒያ እያለሁ አምስት ዓመት በክሮስቦው አጋዘን አድኛለሁ። መስቀለኛ ቀስት የሚሉትም አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ሁሉም ክሮስቦው ስለሚለው በዚያው ልቀጥል። አጋዘን የምለውም እዚህ ዲር የሚባለውን ነው። አገር ቤት አጋዘን ሌላ እንስሳ መሆኑን አውቃለሁ።

ቨርጂኒያ ከ2005 ጀምሮ ክሮስቦውን በቀስት ወቅት ለማንኛውም አዳኝ ትፈቅዳለች። እኔም እዚያ ስለጀመርኩ ክሮስቦው ማለት ለእኔ ቀስት ነው። አሁን የሥራ ባልደረቦቼ በሴፕቴምበር ኤልክ የሚባለውን ትልቁን የዲር ዓይነት ሊያድኑ ሲዘጋጁ አየሁና ልቤ ተነሳ። የአጎቴ ልጅ "አሜሪካ ውስጥ የትም ብትሄድ ክሮስቦው ከቀስት ጋር ነው የሚቆጠረው፣ ላይሰንስህን ግዛና ውጣ" አለኝ። እውነት ነው? የአደን ትምህርት ወረቀቴ የቨርጂኒያ ነው። እሱስ ይሠራል?

ቀስተኛው_ዴንቨር

ወንድሜ ደረጀ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ከመውጣትህ በፊት በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። የአጎትህን ልጅ ምክር ተከትለህ ብትወጣ ኖሮ ሕግ ጥሰህ ነበር።

ኮሎራዶ ውስጥ ክሮስቦው በቀስት ወቅት ክልክል ነው። ሴፕቴምበርን የያዘው የኤልክ ወቅት በእጅ ተስቦ ለሚያዝ ቀስት ብቻ የተተወ ነው። ረጅሙም ቀስት፣ ጫፉ ወደ ፊት የታጠፈው ሪከርቩም፣ መዘውር ያለው ኮምፓውንዱም ይገባል። ክሮስቦው አይገባም። በአካል ጉዳት ምክንያት ቀስት መሳብ የማይችል ሰው ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ ውጭ ክሮስቦው የሚፈቀደው በጠመንጃ ወቅት፣ የዚያን ወቅት የአደን ላይሰንስ ይዘህ ነው። ያ ደግሞ በአብዛኛው ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ይውላል።

በጠመንጃ ወቅት ስትወጣ ደግሞ ክሮስቦው ስለያዝክ ብርቱካናማውን ልብስ አትተወውም። ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች የሚያበራ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ከወገብ በላይ ትለብሳለህ፣ ባርኔጣውም ከዚያው ቀለም መሆን አለበት። ቨርጂኒያ በቀስት ወቅት አረንጓዴ ለብሰህ ዛፍ ላይ መቀመጥ ለምደህ ይሆናል። እዚህ ዙሪያህን ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው ያለው።

መሣሪያውም መለኪያ አለው። ገመዱን ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል ቢያንስ 125 ፓውንድ፣ ከቀስቱ ፊት እስከ ገመዱ ያለው ርቀት ቢያንስ 14 ኢንች መሆን አለበት። የሚሠራ ሴፍቲ ያስፈልገዋል። ፍላጻው ከ16 ኢንች ማጠር የለበትም። ስለታም ጫፉ ቢያንስ ሰባት ስምንተኛ ኢንች ስፋትና ሁለት የብረት ስለት ይኑረው። የያዝከውን ለካው።

የትምህርት ወረቀትህ ግን ይሠራል። የአደን ትምህርት ምስክር ወረቀት ከስቴት ስቴት ይከበራል። ኮሎራዶ ከጃንዋሪ 1፣ 1949 ጀምሮ የተወለደ ሁሉ እንዲኖረው ትጠይቃለች።

ደረጀ_አውሮራ

እግዜር ይስጥልኝ። ደነገጥኩ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አገሩ አንድ፣ መሣሪያው አንድ። ቨርጂኒያ ላይ ቀስት የነበረው እዚህ ሲመጣ ለምን ጠመንጃ ይሆናል?

ጋሽ_ሽፈራው_ኦሃዮ

ልጄ ደረጀ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኮለምበስ ነው የምኖረው። ኦሃዮ ክሮስቦውን የፈቀደችው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው። ከአርካንሳስ ቀጥሎ ከቀደሙት ስቴቶች አንዷ ናት፤ አርካንሳስ በ1973 ነው የፈቀደችው። ስለዚህ እዚህ ክሮስቦው አዲስ ነገር አይደለም። የቀስት ወቅቱ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ይሄዳል። ያን ሁሉ ጊዜ ክሮስቦውም ቀስትም እኩል ናቸው። የመሳቢያ ኃይሉም 75 ፓውንድ ይበቃል። የእናንተን 125 እዩና ልዩነቱን ገምቱ።

ምክንያቱ መሣሪያው ሳይሆን የአጋዘኑ ብዛት ነው። በ1900 አካባቢ በዚህ አገር ነጭ ጅራት የሚባለው አጋዘን አልቆ ጥቂት መቶ ሺህ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል። ምሥራቁ በአጋዘን ተሞልቷል። በየመንገዱ መኪና ይገጫል፣ የገበሬውን በቆሎ ይበላል፣ የሰዉን ጓሮ ያጠፋል። ስቴቱ የሚፈልገው አዳኝ ነው። አዳኙ ደግሞ እያረጀ ሄዷል። እኔ ራሴ ዛሬ ባለ 60 ፓውንድ ቀስት መሳብ አልችልም። ክሮስቦው ባይኖር ቤት እቀመጥ ነበር። እንደ እኔ ያለውን ሰው ጫካ ውስጥ ለማቆየት ነው የፈቀዱት።

ቀስተኛው_ዴንቨር

ጋሼ በትክክል አስቀመጡት። እኔ የምዕራቡን ወገን ልጨምርበት።

ኤልክ እንደ ነጭ ጅራት አጋዘን በየጓሮው የሚገኝ እንስሳ አይደለም። ብዙ ቦታ ላይ ታግ፣ ማለትም አንድ እንስሳ ለመግደል የሚሰጠው ፈቃድ፣ የሚገኘው በዕጣ ነው። ሴፕቴምበር ደግሞ የስሪያ ወቅቱ ነው። ወንዱ ኤልክ በሸለቆው ውስጥ እየጮኸ ሴት ይጠራል፣ ጥሪ የሚያስመስል ሰው ከቀረበው ይመጣል። በዓመቱ ውስጥ እንደዚያን ጊዜ ተላላ የሚሆንበት ቀን የለም። ስቴቱ ያን ረጅም ጊዜ ለቀስተኛ የሚሰጠው ቀስት ከባድ ስለሆነ ነው። አብዛኛው ቀስተኛ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ቢወጣም የሚሞተው ኤልክ ጥቂት ነው። መሣሪያውን ካቀለልከው የሚሞተው ይበዛል። ያኔ ወይ ወቅቱ ያጥራል ወይ ታጉ ይቀንሳል።

ክሮስቦው ደግሞ በእርግጥ ይቀላል። ይህን እንደ ስድብ አትቁጠሩት። ቀስት ስትስብ ኤልኩ ፊትህ ቆሞ ነው። እጅህ ሲንቀሳቀስ ያይሃል። ስበህ ከያዝክ በኋላ ዛፍ ጀርባ ቢቆምብህ ክንድህ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ክሮስቦው ግን ጠዋት ተወጥሮ ይውላል። ስኮፕ አለው፣ ሰደፉን ትከሻህ ላይ ታስደግፋለህ፣ ቃታ ትስባለህ። እኔ ኮምፓውንድ ቀስቴን ለሴፕቴምበር ለማዘጋጀት ከማርች ጀምሮ በየሳምንቱ እተኩሳለሁ። ክሮስቦው በሁለት ቅዳሜ ይለመዳል።

ስለዚህ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሞንታናና እኛ ክሮስቦውን ወደ ጠመንጃ ወቅት ገፍተነዋል። ኦሪገን ደግሞ ጨርሶ ዘግታዋለች።

ሳሚ_ፖርትላንድ

የኦሪገኑን እኔ ልናገር፣ በራሴ ላይ ስለደረሰ።

ፖርትላንድ ስመጣ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ገብቼ ክሮስቦው ገዛሁ። ሻጩ ስለ ስኮፑ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ሰሙ ብዙ አስረዳኝ። "ለአጋዘን ነው የምፈልገው" ብዬዋለሁ። እዚህ ስቴት ውስጥ በክሮስቦው ማደን ክልክል መሆኑን አልነገረኝም። ቤቴ ገብቼ የስቴቱን የደንብ መጽሐፍ ሳነብ ነው ያየሁት። መሸጡ ሕጋዊ ነው። መግዛቱም ሕጋዊ ነው። ኢላማ ላይ መተኮሱም ችግር የለውም። ማደን ግን በየትኛውም ወቅት አይቻልም።

በጣም ነው ያዘንኩት። ገንዘቡ ለእኔ ቀላል አልነበረም። በኋላ ግን ወንዙን ተሻግሬ ዋሽንግተን ውስጥ በጠመንጃ ወቅት በእሱ አደንኩ። የነዋሪ ያልሆነ ሰው ላይሰንስ ከፍዬ ነው። እዚያም መለኪያ አላቸው፦ 125 ፓውንድ፣ ፍላጻው 16 ኢንችና ቢያንስ 350 ግሬን የሚመዝን። ድልድዩን ስትሻገር ክልክሉ የተፈቀደ ይሆናል። ስትመለስ ደግሞ እንደገና ክልክል።

እመቤት_ሴንት_ፖል

እህታችሁም አዳኝ ናት።

እኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ስሠራ ትከሻዬ ተጎዳ። ሕመምተኛ ማንሳት ነው ሥራው፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ ቀስት ይወድ ስለነበር አብሬው መውጣት ጀምሬ ነበር። ከጉዳቱ በኋላ ቀስት መሳብ አልቻልኩም። ሚኒሶታ ያኔ በቀስት ወቅት ክሮስቦው የምትፈቅደው ዕድሜው 60 ለሞላ ወይም የአካል ጉዳት ፈቃድ ላለው ብቻ ነበር። ፈቃዱ ሐኪም የሚፈርምበት ነው። እኔ ግን ጉዳቴን በወረቀት ማስመስከሩ ከበደኝ። የሥራ ቦታ ጉዳይ ስለነበረኝ ፈራሁ። ሁለት ዓመት ቤት ቀረሁ።

በ2023 ሕጉ ተቀየረ፣ ለሁሉም ተከፈተ። ያን ዓመት ኦክቶበር ላይ ዛፍ ላይ ስቀመጥ አለቀስኩ። አንዲት እንስት አጋዘን በ22 ያርድ መጣችልኝ።

ግን ልብ በሉ። ሕጉ ሲከፈት የጊዜ ገደብ ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ላይሰንስ ከመግዛቴ በፊት የዚያን ዓመት መጽሐፍ አነባለሁ። ደረጀ፣ አንተም ያለፈውን ዓመት እውቀትህን አትመነው።

ቀስተኛው_ዴንቨር

እመቤት፣ ታሪክሽ ልቤን ነካው። እኔ ክሮስቦው ይቀላል ስል አንቺንና ጋሼን አስቤ አይደለም። አካሉ ለማይፈቅድለት ሰው ፈቃዱ እዚህም አለ፣ መኖሩም ተገቢ ነው። የእኔ ሐሳብ ጤነኛውን የ25 ዓመት ጎረምሳ ነው የሚመለከተው።

እመቤት_ሴንት_ፖል

ገብቶኛል ወንድሜ። ግን ሐኪም ፈልጎ ወረቀት ማስፈረም ለአንዳንዱ ሰው ተራራ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው አለ። ቋንቋ የሚቸግረው አለ። ፈቃዱ ሕግ ላይ ስላለ ብቻ ሰው እጅ ገብቷል ማለት አይደለም።

ቀስተኛው_ዴንቨር

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነትሽን ነው።

ሊያ_ካልጋሪ

ካናዳም እንዲሁ ነው። አልበርታ ውስጥ ለቀስት ብቻ በተለየው ወቅት ክሮስቦው አይፈቀድም፣ የአካል ጉዳት ፈቃድ ካልኖረህ በቀር። ኦንታሪዮ ግን ክሮስቦውን ከቀስት ጋር ታስገባዋለች። ወንድሜ ቶሮንቶ ነው ያለው፣ በየዓመቱ በስልክ እንከራከራለን።

አንድ ነገር ግን በመላው ካናዳ አንድ ነው። በአንድ እጅ ታልሞ የሚተኮስ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ500 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ክሮስቦው የተከለከለ መሣሪያ ነው። በኢንተርኔት ያየኸውን ትንሽ ነገር አዝዘህ ወንጀል ውስጥ እንዳትገባ። ትልቁን ለመያዝ የጠመንጃ ፈቃድ አያስፈልግም።

ሐና_ለንደን

እንግሊዝ ውስጥ በቀስትም በክሮስቦውም ማደን ክልክል ነው። የ1981 የዱር እንስሳት ሕግ ነው የሚከለክለው። መግዛት የሚችለው 18 ዓመት የሞላው ነው። ነገሩ በዚህ ያበቃል።

ቢኒ_ፍራንክፈርት

ጀርመንም አጋዘንና የዱር አሳማ በፍላጻ መምታት በፌዴራሉ የአደን ሕግ ተከልክሏል። ፈረንሳይ በ1990ዎቹ ቀስትን ፈቅዳለች፣ ክሮስቦውን ግን አልፈቀደችም። የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ባወጣው የተፈጥሮ መኖሪያዎች መመሪያም ክሮስቦው ጥበቃ ለሚደረግላቸው አጥቢ እንስሳት ከተከለከሉት ዘዴዎች ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፏል። ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች "ጥብቅ ነው" ስትሉ እኔ እቀናለሁ።

ብሩክ_ዳላስ

እኔ በተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት። ጠመንጃ መያዝ አይቻልህም ተብዬ ክሮስቦው አሰብኩ። ቴክሳስ በቀስት ወቅት እንደምትፈቅድ አረጋግጫለሁ። ቪዛዬስ ችግር ያመጣል?

ቀስተኛው_ዴንቨር

ብሩክ፣ በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ የሚባለው በሚፈነዳ ነገር ጥይት የሚወረውር ነው። ክሮስቦው በገመድ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በዚያ ሕግ ጠመንጃ አይባልም። በነገራችን ላይ ጠመንጃም ቢሆን ቪዛ ላለው ሰው በር አለው። የጸና የስቴት የአደን ላይሰንስ መያዝ በሕጉ ከተጻፉት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ነው።

ግን አደራህን፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይህን የያዘልህን ጠበቃ ሳትጠይቅ አትጀምር። ላይሰንስ ሳይኖርህ ወይም ያለ ወቅቱ ብታድን ክስ ነው። በሕገወጥ መንገድ የታደነ ሥጋ ይዘህ የስቴት ድንበር ከተሻገርክ ደግሞ ሌሲ አክት የሚባል ከ1900 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ፣ ነገሩ ጌም ዋርደን ከሚባለው የአደን ተቆጣጣሪ ቅጣት ያልፋል። ዜግነት ያለው ሰው ከፍሎ የሚረሳው ነገር አንተን ብዙ ሊያስከፍልህ ይችላል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገርም ልጨምር። ኮሎራዶ፣ ኔቫዳና ኦሪገን በ1989 የጀመሩት የስቴቶች ስምምነት አለ። ዛሬ አብዛኞቹ ስቴቶች ገብተውበታል። አንዱ ስቴት ላይሰንስህን ከነጠቀህ ሌሎቹም ሊነጥቁህ ይችላሉ። "እዚያ ብቀጣ እዚህ አድናለሁ" የሚለው አይሠራም።

አብዱ_ሲያትል

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የሥጋውን ነገር ማንም አላነሳም። እኛ ክሮስቦውን የወደድነው በአንድ ምክንያት ነው። ስለቱ ይወጋል፣ ደም ያፈሳል። ፍላጻውን ስለቅ ቢስሚላህ እላለሁ። በስለቱ ተወግቶ የሞተ ይበላል፣ በድብደባ የሞተ አይበላም፤ እኛ የተማርነው እንዲህ ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ከደረስኩ አርደዋለሁ። ደንቡ እዚህ ዋሽንግተን በጠመንጃ ወቅት ስለሚያስወጣኝ ብርቱካናማዬን ለብሼ እወጣለሁ፣ ችግር የለብኝም።

ጋሽ_ሽፈራው_ኦሃዮ

አብዱ ልጄ፣ ጥሩ አነሳኸው። እኛም ጋ ጥያቄው አለ። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት ተቆጥሯል። ሳይባረክ በፍላጻ ስለሚሞተው ግን እኔ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው የጀመርኩት። ሁላችሁም የየራሳችሁን ጠይቁ። እኔ በስመ አብ ብዬ ነው ቃታውን የምስበው።

ለኦርቶዶክሳውያን ወቅቱም ነገር አለው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 24 ማለት ነው። የአጋዘኑ የስሪያ ወቅት ደግሞ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ይበረታል። ስለዚህ የማድነው ከጾሙ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ነው። ሥጋው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። ላለፉት ብዙ ዓመታት የገና ጥብሳችን ከእሱ ነው። ጠመንጃ ብቻ ቢፈቀድ ኖሮ አይደርስልኝም ነበር። የኦሃዮ ዋናው የጠመንጃ ሳምንት ጾሙ ከገባ በኋላ ነው የሚውለው።

ደረጀ_አውሮራ

ጋሼ ስለ ጥብስ ሲያነሱ ሆዴ ተላወሰ። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ከሽንጡ ክትፎ እንሥራ ብላ ነበር፣ እኔ ፈራሁ።

እመቤት_ሴንት_ፖል

መፍራትህ ልክ ነው! የአጋዘን ክትፎ እንዳትሠሩ። በጥሬ የአደን ሥጋ የሚተላለፉ ተውሳኮች አሉ፣ ቶክሶፕላዝማ አንዱ ነው፣ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ጥሬ ሥጋ ስለለመድን ብቻ ሁሉም ጥሬ አንድ አይደለም። የቄራውን በሬ ሐኪም አይቶታል። ይህን ያየው የለም።

ሌላው ሲ ደብሊው ዲ የሚባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ ነው። እኛ ጋም፣ ኮሎራዶም፣ ቨርጂኒያም አለ። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም። ግን የጤና ባለሥልጣናት በሽታው የተገኘበትን አትብሉ ይላሉ፣ በማብሰልም አይጠፋም። በሽታው ካለበት አካባቢ ካደናችሁ ናሙና አስመርምሩ። ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለይታችሁ አስቀምጡ። አንጎሉንና የጀርባ አጥንቱን አትንኩ። ዱለት የሚያምራችሁ ካላችሁ ከበግ ሥሩት።

ይህም በሽታ ሕግ አለው። ሙሉ ሬሳውን ወይም ጭንቅላቱን ይዞ ከስቴት ስቴት መሻገር ብዙ ቦታ ክልክል ነው። አጥንቱ የወጣለትን ሥጋ ነው ይዞ መሻገር የሚቻለው።

ሳሚ_ፖርትላንድ

ከርዕሱ ልውጣና፣ አገር ቤት፣ ባሌ ያለ አጎቴ ክሮስቦው ላክልኝ ይለኛል። የጅብና የአሳማ ችግር አለበት። ይቻላል?

ሚኪ_አዲስ

ሳሚ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ። አትላክ። አገር ቤት የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚተዳደር ነው፣ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ባሌ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ያለበት አካባቢ ነው። እሱን በኮታ፣ በተከለለ የአደን ቦታ፣ ፈቃድ ባለው አስጎብኚ በኩል ከፍለው የሚያድኑ የውጭ ሰዎች አሉ። አጎትህ ለአሳማ ብሎ የወጠረው ክሮስቦው ከአጋዘኖቹ አንዱን ቢመታ እስር ነው። እርሻውን የሚያጠፋ አውሬ ካለ ለወረዳው ያመልክት። ዕቃውም ጉምሩክ ላይ ምን እንደሚባል ሳታውቅ ሻንጣ ውስጥ አትክተተው።

ሳሚ_ፖርትላንድ

እሺ ሚኪ፣ አመሰግናለሁ። ለአጎቴ ደውዬ ወረዳውን እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ።

ቀስተኛው_ዴንቨር

ደረጀ፣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ አስፈላጊ ነው። ሁለት ወርህ ነው ብለሃል። ኮሎራዶ ለአደን ነዋሪ የምትለው ከማመልከቱ በፊት ስድስት ወር በተከታታይ የኖረውን ነው። መንጃ ፈቃድህን ቀይረህ ቢሆንም ዘንድሮ እንደ ነዋሪ አትቆጠርም። የነዋሪውን ላይሰንስ ብትገዛ ሐሰተኛ መረጃ እንደ መስጠት ነው የሚወሰደው። የዋጋው ልዩነት በጣም ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ታገሥ። ዕጣው በኤፕሪል መጀመሪያ ይዘጋል። እስከዚያ ስድስት ወርህ ይሞላል። ለጠመንጃ ወቅት አመልክትና ክሮስቦውህን ይዘህ ውጣ።

ሴፕቴምበርን ከፈለግክ ግን ኮምፓውንድ ቀስት ልመድ። እኔ አስተምርሃለሁ። አንድ ዓመት በቂ ጊዜ ነው።

ደግሞም የአውሮራን የከተማ ደንብ ተመልከት። የስቴቱ ሕግ ሌላ ነው፣ በጓሮህ ኢላማ ላይ መተኮስ ሌላ ነው። ብዙ ከተሞች ፍላጻ መልቀቅን ይከለክላሉ።

ደረጀ_አውሮራ

ይሄ የከተማውስ ነገር ቨርጂኒያም ነበር። ፌርፋክስ ካውንቲ ፓርኮቹ ውስጥ አጋዘን ለመቀነስ ቁጥጥር ያለበት የቀስት አደን አለው፣ ክሮስቦውም ይገባል። ተኩስህን ፈትነው ነው የሚያስገቡህ። ሰው ውሻውን የሚያናፍስበት ፓርክ አጠገብ ነው፣ ጠመንጃ የማይታሰብበት። ያን ሳስብ ጋሽ ሽፈራው ያሉት ይበልጥ ገባኝ። እዚያ ክሮስቦው የተፈለገው ለከተማው ነው። እዚህ ደግሞ ኤልኩ ከከተማ ርቆ ተራራ ላይ ነው።

ኮምፓውንዱን እሞክራለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ወቅት በተከታታይ ቤት መዋል ግን ከበደኝ።

ጋሽ_ሽፈራው_ኦሃዮ

ልጄ ቤት አትዋል። ኦሃዮ ና። የነዋሪ ያልሆነ ሰው ላይሰንስና የአጋዘን ፈቃድ በኢንተርኔት ትገዛለህ፣ የትምህርት ወረቀትህ ይሠራል፣ ክሮስቦውህም የእኛን መለኪያ ያልፋል። አንድ ወዳጄ የሆነ ገበሬ መሬት አለው፣ እኔን በጽሑፍ ነው የሚፈቅድልኝ። ላንተም አስፈቅድልሃለሁ። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የሰው መሬት አይረገጥም፣ ኦሃዮ በዚህ አትቀልድም።

ስትመጣ ዛፍ ላይ የምትታሰርበትን ቀበቶ እንዳትረሳ። በዚህ ሥራ ከፍላጻው ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ከዛፍ መውደቅ ነው። ስትተኩስም አውራ ጣትህ ከገመዱ መንገድ በታች ይሁን። አንድ ወዳጄ ጣቱን ያጣው በዚያ ነው። ከ40 ያርድ በላይ ደግሞ አትሞክር። ፍላጻው በሰከንድ 400 ጫማ ቢሄድ እንኳ 40 ያርድ ለመድረስ የሰከንድ ሦስት አሥረኛ ይወስዳል። የገመዱ ድምፅ ቀድሞት ይደርሳል። አጋዘኑ ሰምቶ ዝቅ ይላል፣ ፍላጻህም የማይገባው ቦታ ላይ ይገባል። እንስሳ አቁስሎ ማጣት ለሳምንታት እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። በእኔ ላይ አንድ ጊዜ ደርሷል፣ ላንተ አልመኝልህም።

ማታ ስትጨርስ ተወጥሮ የዋለውን ክሮስቦው መኪና ውስጥ አታስገባ። መጀመሪያ መሬት ላይ በተዘጋጀ ኢላማ ተኩሰህ አላላው። ፍላጻ የተጫነበትን ይዞ መንዳት ብዙ ቦታ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ እንደመንዳት ነው የሚቆጠረው።

ደረጀ_አውሮራ

ጋሼ፣ ምን እላለሁ። ዕድሜ ይስጥልኝ። ኖቬምበር የመጀመሪያውን ሳምንት ከሥራ ፈቃድ ልጠይቅ ወይስ ሁለተኛውን? ጾሙ ሳይገባ ሥጋውን ለባለቤቴ ማድረስ አለብኝ።

ጋሽ_ሽፈራው_ኦሃዮ

ሁለተኛውን። በመኪና ና፣ ማቀዝቀዣ ሣጥን ይዘህ። ከኮለምበስ አውሮራ ረጅም ነው፣ አጥንቱን እዚሁ እናወጣዋለን፣ እመቤት እንዳለችው ጭንቅላቱ እዚህ ይቀራል። በየምታልፍበት ስቴት ስለ ሥጋ ማሳለፍ ያለውን ደንብ ግን አሁኑኑ ማንበብ ጀምር። ኢንዲያና፣ ኢሊኖይ፣ ሚዙሪ፣ ካንሳስ። አራቱንም።

ደረጀ_አውሮራ

ዛሬ ማታ በኢንዲያና እጀምራለሁ።